ከመኪና የማይወርዱት ሚስቶች

እሑድ እሑድ ሰበታ፣ ደጃፌ ላይ የቤት መኪና ይደረደር ነበር። ከአዲስ አበባ ቤተሰቡን ጭኖ አየር ሊቀይር የወጣ ሰው ልጆቹን ወንዝ ዳር ያንሸራሽራል፣ የወጨጫን ተራራ ሽቅብ ያያል፣ ሆዱ ሲጮህ ደግሞ እኔ ምግብ ቤት ይመጣል። ባል ይወርዳል። ልጆች ተንጫጭተው ይወርዳሉ። ሚስት ግን አትወርድም። ባሏ ውስጥ ጥብሱን ሲያጣጥም እሷ መስኮቱን ዘግታ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ የእኔን ግድግዳ ስታይ ትቀመጣለች። ባልየው ሲጠግብ ትዝ ትለውና "ለባለቤቴም አንድ ነገር ውሰጂላት" ይለኛል። እኔም በትሪ ሸፍኜ አወጣለሁ። ትሪውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጀርባዋን ለደጅ ሰጥታ፣ በነጠላዋ ተከልላ ትበላለች። ስድስት መኪና ቆሞ እንደሆነ ስድስት ሴት እንዲያ ተሸፋፍና ታኝካለች።

ለልጅ ልጆቼ ይሄን ሳወራላቸው "እንዴ! ምን ሆነው ነው?" ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። በንጉሡ ዘመን ጨዋ ሴት ሰው ፊት አፏን ከፍታ አትበላም ነበር፤ ምግብ ቤት ገብታ መብላትማ ጭራሽ አይታሰብም። አንደኛ ነውር ነው። ሁለተኛ ዓይን አለ፤ የማታውቂው ሰው ስትጎርሺ ካየሽ ሆድሽን ይቆርጥሻል እያሉ ያስፈራሩን ነበር። እኔም አምኜ ነው ያደግሁት። ስለዚህ እነዚያ ሴቶች ላይ ማንም እንዲስቅ አልፈቅድም። እኔ ብስቅ ግን መብቴ ነው፤ ከእነሱ የባስኩት እኔ ነበርኩና።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ወድጄ አይደለም። ባለቤቴ በጅማ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ታሞ ሲሞትብኝ ትልቋ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ትንሿ ስድስት ነበረች። የተወልን መንገድ ዳር ያለችውን ቆርቆሮ ቤት ነው። ጓደኞቹ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ፤ አበላኋቸው። በሌላ ቀን ሲያልፉ ቆሙ፤ አሁንም አበላኋቸው። እንዲህ እያለ ጠረጴዛ ገባ፣ ወንበር ገባ፣ ምግብ ቤት ሆነ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሱሉልታ ነው የሚኖሩት። ሜዳ ሙሉ ሣር የሚያሳጭዱ፣ ላም የሞላቸው፣ አንዴ ከተናገሩ የማይመለሱ ሰው ነበሩ። ለሙት ዓመቱ ተዝካር መጡና ሽማግሌዎች አስቀምጠው ተናገሩኝ።

"ቤቱን ዝጊና ሱሉልታ ግቢ። መንገድ ዳር፣ ባል የሌላት ሴት፣ ወንድ ገብቶ ወንድ እየወጣ፤ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? መሸታ ቤት ነው የሚለው።"

"ወንድም ጋሼ፣ ምግብ ቤት ነው" አልኳቸው።

"እሱን በዓይኔ አያለሁ። ለዳግማይ ትንሣኤ እመጣለሁ። መሸታ ቤት ሆኖ ካገኘሁት የወንድሜን ልጆች ይዤ እሄዳለሁ። አንቺ ከፈለግሽ ተከተይ፣ ካልፈለግሽ ቅሪ። በሽማግሌ ፊት ነው የምልሽ።"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደሜ ፈላ። ልጆቼን! ከኔ ጉያ አውጥቶ! በልቤ ቆረጥኩ፦ ልጆቼን የሚወስድ ሰው በሬሳዬ ላይ ተራምዶ ይወስዳል።

ንዴቴ ሲበርድ ግን ቤቴን በሰውየው ዓይን አየሁት። እውነቴን ልናገር፤ የሚያዩት አላማረኝም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቤቴ ወንድ ብቻ ነው። ሹፌር፣ ረዳት፣ ደላላ። ጠጅ ይጠይቃሉ፤ ጠጅ ሲቀርብ ዘፈን ይመጣል፤ ዘፈን ሲመጣ የአንዱ እጅ ወገቤ ላይ ያርፋል። አንዱን በወጥ ጭልፋ እጁን ብዬው ሳምንት ሙሉ መሪ በአንድ እጁ እየያዘ ነው የነዳው አሉ። እሰይ! ግን ጭልፋ ስንቱን ይመታል? እሑድ የሚመጡት የከተማ ሰዎችም ቢሆኑ ውስጥ የሚቀመጠው ባልየው ነው። ሚስት ከባሏና ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ የምትበላበትን ቤት ማንም አፉን ሞልቶ መሸታ ቤት ሊለው አይችልም። የኔ ቤት ሚስቶች ግን መኪና ውስጥ ናቸው። ነገሩ ይኸው ነው፦ ሴቶቹ ከመኪና ካልወረዱ ልጆቼ ሱሉልታ ናቸው።

ጥግ ያለችው ጠረጴዛ የአንድ ሽማግሌ ነበረች። ሁሉም ሰው "ኦቦ" ነው የሚላቸው፣ በኦሮምኛ ጋሼ እንደ ማለት ነው፤ እኔም "ኦቦ" እላቸዋለሁ። ከወጨጫ ሥር ቅቤያቸውን ይዘው ይወርዱና ሸጠው ሲጨርሱ ሻያቸውን ይዘው እዚያች ጥግ ይቀመጣሉ። እኔን "አዴ" ይሉኛል፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም እናታቸው ነበርኩ። ጭንቀቴን አጫወትኳቸው።

"አዴ፣ ቡራዩ አንድ ሆቴል አለ" አሉኝ። "መጋረጃ አለው። የከተማ ሴቶች ይገቡበታል ይባላል። ሂጂና እዪው።"

በቅበላው ሰሞን አንድ ሰኞ ቤቱን ዘጋሁና ልጆቼን የገና ቀሚሳቸውን አልብሼ ተነሳሁ። በአውቶቡስ መርካቶ፣ ከመርካቶ በሌላ አውቶቡስ ቡራዩ። ልጆቼ ሽርሽር የሄድን መስሏቸው መንገዱን ሙሉ ሲዘፍኑ፣ እኔ በውስጤ ጸሎት አደርሳለሁ። ለስንት ሰው ያቀረብኩ ሴት፣ እንግዳ ሆኜ ምግብ ቤት ስገባ የዚያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ልጆቼን በሁለት እጄ ይዤ ደፉ ላይ ቆምኩ።

"እሜቴ፣ ወደዚህ ነው" አለ አሳላፊው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ወፍራም መጋረጃ ገለጠና አስገባን፤ መልሶ ዘጋብን።

ወይ ጉድ! መቃብር ነው። መስኮት የለ፣ ነፋስ የለ፤ የላምባ ሽታና የከረመ ጮማ ሽታ ብቻ። ጥብሱ መጣ። በጨለማው ሥጋውን ከአጥንት መለየት አቃተኝ። ትንሿ ልጄ ሥጋ መስሏት አረንጓዴ ቃሪያ ሙሉውን ጎረሰችና ቤቱን በጩኸት አናጋችው። ውኃ ሳጠጣት ከጎናችን ካለው መጋረጃ ውስጥ የአንድ ሰውዬ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ የሴት ድምፅ፣ "ቀስ በል፣ ሰው ይሰማናል" ስትል። እሷ ሚስቱ አለመሆኗን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አላስፈለገኝም። ሚስት ባሏን ሰው ይሰማናል ብላ አትለምንም።

ትልቋ ልጄ እጇን ከትሪው መለሰችና ጠየቀችኝ።

"እማዬ፣ ምን አጥፍተን ነው የተደበቅነው?"

ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ምግቡን ሳንጨርስ ተነስተን ወጣን። ኦቦን በማግሥቱ "መጋረጃ የሚደበቅ ነገር ላለው ሰው ነው፤ እኔ ቤት መጋረጃ አይሰቀልም" አልኳቸው። ሻያቸውን አንዴ ፉት አሉና "እንግዲያ አንቺው ታውቂያለሽ" አሉኝ።

ከሁዳዴ በፊት የቀረችኝ አንዲት እሑድ ነበረች። ከሚመላለሱት መካከል ጥቁር መኪና ያላቸው ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሰውየው በአንድ መሥሪያ ቤት ትልቅ ሹም ነው። ሴትየዋ ቀለበቷን መስኮቱ ላይ ኳ ኳ እያደረገች ነው ትሪ የምትቀበለኝ። የዚያን እሑድ ትሪ ሳልይዝ ሄድኩና በሩን ከፈትኩላት።

"እሜቴ፣ ይውረዱ። ውስጥ ጥሩ ቦታ አለ፣ ከልጆችዎ ጋር ይብሉ።"

"ምን ቆርጦኝ!" አለች፣ ደረቷን ይዛ። "ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው የራሱን ነው የሚበላው፣ እመቤቴ። ማን ያይዎታል?"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ግን ምላሷ ስል ነበር።

"አንቺስ? ስንት ወር ስመላለስ አንድ ቀን ስታኝኪ አይቼሽ አላውቅም። አንቺ በቤትሽ ያልደፈርሽውን እኔ በሰው ቤት ልድፈርልሽ?"

ክው አልኩ። እውነት ነዋ! የምበላው ኩሽናው ጀርባ ነበር። እንግዳ ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ጭቃው ግድግዳ አዙሬ፣ ድስት ሥር የቀረውንና የቀዘቀዘውን። ልጆቼንም እንዲያ ነበር የማበላቸው። መጋረጃ አልሰቅልም ብዬ ስፎክር፣ ለካ መጋረጃው እኔው ነኝ! በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላትና ትሪውን አመጣሁላት።

ሁዳዴ ገባ። ሃምሳ አምስት ቀን ነበረኝ፤ አንዲቱንም አላባከንኩም። ጠጅ መሸጥ ተውኩ። ሹፌሮቹ ገሚሶቹ ተቆጥተው ሄዱ፤ ይሂዱ። ግድግዳውን በኖራ አስቀባሁ። በመንገዱ በኩል ያለችውን ጠባብ መስኮት አስፈርሼ ክንዴን ዘርግቼ የማልደርስበት ሰፊ መስኮት አስወጣሁ። ከመስኮቱ ሥር ትልቁን ጠረጴዛ አስቀመጥኩ። አናጢው "እሜቴ፣ ከመንገድ ሁሉ ነገር ይታያል እኮ" ቢለኝ "እንዲታይ ነው የማሠራህ" አልኩት። አብዳለች ብሎ ለሰፈሩ ነዛው።

መስኮት ማስፋት ቀላል ነው፤ ጉሮሮዬን ማስፋት ነበር መከራው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ሽሮዬን ይዤ ትልቁ ጠረጴዛ ጋ እቀመጣለሁ። የሚያየኝ ሰው ኦቦ ብቻ ናቸው። እጠቀልላለሁ፣ አፌ ጋ አደርሳለሁ፣ ጉሮሮዬ ይዘጋል። እጄ ይመለሳል። ለአንድ ሳምንት አንዲት ጉርሻ አልወረደልኝም። ኦቦ አዘኑልኝ መሰለኝ አንድ ቀን ወንበራቸውን አዙረው ፊታቸውን ለግድግዳ ሰጡ።

"ኦቦ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"አላይሽም፣ አዴ። ብዪ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ ጉሮሮዬ ተከፈተ፤ ጎረስኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ ፊታቸውን አዞሩልኝ። በሆሳዕና ሰሞን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው የራሳቸውን ሻይ ሲጠጡ እኔ ሽሮዬን ጨረስኩ። ግን አንድ ኦቦ ሌላ ነው፣ አንድ ቤት ሙሉ ወንድ ሌላ ነው። እሱን አላጣሁትም።

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። ሰማዩ ጠርቶ፣ ሽርሽሩም ደምቆ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ሰባት መኪና ደጄ ቆመ። ጥቁሩም አለ። ባሎች ገቡ፣ ልጆች ገቡ፣ ሚስቶች መስኮታቸውን ዘጉ። ወንድም ጋሼ የሰው ላንድሮቨር ለምነው ከሱሉልታ መጡ፤ ካባቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ባለቤታቸውን አስከትለው። እሳቸው መሐል ቤት ተቀመጡ። ባለቤታቸውን እትዬ ነው የምላቸው፤ ዝምተኛ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸውን ሰምቼ የማውቀው በለቅሶ ብቻ ነው። እሳቸው ግድግዳ ተጠግተው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። "ምን ላቅርብልዎ?" ስላቸው "ደኅና ነኝ፣ አልራበኝም" አሉኝ።

ወንድም ጋሼ ቤቱን ዞር ዞር ብለው ቃኙት። አንድ፣ ሁለት እያሉ ሰዉን በዓይናቸው አለፉት።

"ሴት የታለ?" አሉኝ። "ይኸው ወንድ ነው። አላልኩሽም ነበር?" መልስ እስክሰጥ አልጠበቁም። ወደ ልጆቼ ዞሩ። "ልብሳችሁን ሰብስቡ።"

ትንሿ ቀሚሴን ያዘች። ትልቋ ግን ታዛዥ ነበረች፤ ጓዳ ገብታ የሁለቱንም ቀሚስ በሻሽ ጠቅልላ አሥራ ወጣች። ጥቅሉን እቅፍ አድርጋ በሩ ጋ ቆመች። መጮህ አማረኝ፣ መለመን አማረኝ፣ እግራቸው ላይ መውደቅ አማረኝ። አንዱንም አላደረግሁም።

እጄን ታጠብኩ። የዶሮ ወጡን ከምድጃ ላይ አወረድኩና እየጤሰ ትሪ ሙሉ አቀረብኩ፤ ለእንግዳ አይደለም፣ ለራሴ። መስኮቱ ሥር ያለው ትልቁ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ልጆቼን ጠራሁ፤ አንዷን በቀኝ፣ አንዷን በግራ አስቀመጥኩ። ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ መልሼ፣ ፊቴን ወደ መኪኖቹ አድርጌ ተቀመጥኩ።

የሁሉም ማኘክ ቆመ። እጄ ትሪው ላይ ደረቀ፤ ያ የተረገመ ጉሮሮዬ እንደ ሁዳዴው መጀመሪያ ጥርቅም አለ። ያኔ ከጥግ የኦቦ ድምፅ መጣ።

"ኛዹ፣ አዴ!"

ብዪ ማለታቸው ነው። በላሁ።

"አንቺ ሴት!" አሉ ወንድም ጋሼ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው። "በወንድሜ ቤት! በዚህ ሁሉ ወንድ ፊት!"

"ወንድም ጋሼ፣ ከልጆቼ ጋር ምሳዬን እየበላሁ ነው" አልኳቸው። "መሸታ ቤት ውስጥ እናት ከልጆቿ ጋር ምሳ ስትበላ አይተው ያውቃሉ? የሚወስዷቸው ከሆነም ምሳቸውን ይጨርሱ።"

ለትልቋ ልጄ አጎረስኳት። ለትንሿ አጎረስኳት። ራሴም ጎረስኩ። ወንድም ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ እኛ ሲራመዱ ከኋላቸው አግዳሚው ተንቋቋ። እትዬ ተነስተዋል። ነጠላቸውን አወረዱ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ባላቸውን በጎን አልፈው መጡና ከትንሿ ልጄ አጠገብ ቁጭ አሉ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አሉ ወንድም ጋሼ።

"ርቦኛል" አሉ እትዬ።

"አሁን አልራበኝም አላልሽም?"

"ሠላሳ ዓመት አልራበኝም ስል ኖርኩ። ዛሬ ርቦኛል።" ዞር ብለው እንኳ አላዩዋቸውም። እንቁላሉን ለሁለት ከፍለው ገሚሱን ለትንሿ ሰጡ።

ውጪ የመኪና በር ተከፈተ። ጥቁሩ ነው። ሴትየዋ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች፤ ፊቷ ቀልቷል፣ ዓይኗ ግን ይስቃል። ባሏ ጥብሱን በእጁ እንደያዘ ቀረ። "ፈቀቅ በሉልኝ እስቲ" አለችና ተቀመጠች። ቀጥሎ የአንዲት ትንሽ ሰይቼንቶ መኪና በር ተከፈተ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሁሉም ወረዱ ብዬ አልዋሽም፤ ሁለቱ መስኮታቸውን እንደዘጉ ቀሩ፣ ከነሱም አንዷ ባሏን አስነስታ ሄደች። ግን አምስት ሴት እኔ ቤት፣ ክፍት መስኮት ሥር፣ በቀን ብርሃን ዶሮ ወጥ በላች። ወንበር አልበቃ ብሎ ልጆቹን ጭናችን ላይ አደረግናቸው።

ወንድም ጋሼ መሐል ቤት ቆመው ቀሩ። የሚቀመጡበት እንኳ አልነበረም፤ ወንበራቸውን አንዷ ወስዳዋለች። ኦቦ ከጥግ በእጃቸው ጠሯቸውና አብረው ተቀመጡ። አቀረብኩላቸው፤ በሉ። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም፤ ኦቦንም ጠይቄ አላውቅም።

ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሙ። ዓይኔን አላዩም፤ መስኮቱን ነው ያዩት።

"ለሰኔ ሚካኤል በዚህ አልፋለሁ" አሉ። "ለእትዬሽ ወንበር ያዢላት።"

ይኸው ነው። ስለ ልጆቹ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ላንድሮቨሩ ላይ ወጡ። እትዬ ከፊት መስኮት እጃቸውን አወጡልኝ።

ሰዉ ሁሉ ሲበተን ትሪው ጋ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንድ ክንፍ ተርፏል፤ ወጡ ገና ትኩስ ነው። በላሁት። አፈር ልብላ፣ ስንት ዘመን ለሰው ትኩሱን እያወጣሁ እኔ ቀዝቃዛውን ቆሜ ስበላ ኖሬ፣ የገዛ ወጤን ጣዕም አላውቀውም ነበር! ይጣፍጥ ነበር። በደንብ ይጣፍጥ ነበር።

ትልቋ ልጄ አጠገቤ እንደተቀመጠች ናት። ሲያጎርሷት፣ ሲስቁ፣ ሲሰነባበቱ፣ ያንን ሁሉ ሰዓት ጥቅሉን ከጭኗ አላወረደችውም ነበር። አቅፋው አየችኝ።

"እማዬ፣ ልፍታው?"

"ፍቺው" አልኳት።